ከመቶ ሃያው የጎደሉት አራት ጠርሙሶች

ሰው ሲያረጅ አፍንጫው ይደክማል የሚል ሐኪም ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጠዋት መድኃኒቴን መዋጥ አለመዋጤን የምታስታውሰኝ ባለቤቴ ናት፤ አፍንጫዬ ግን ዛሬም ጎረምሳ ነው። በዚህ በጋ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወልቂጤ ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ባጃጆቹ አቧራውን ሲያቦኑት እያየሁ በልቤ እየተራገምኩ ሳለሁ፣ ከተከራዬ ክፍል አንድ ሽታ ወጣ። አፍንጫን ቆንጥጦ ይዞ፣ ዓይንን አስነብቶ፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ቀዝቀዝ የሚል ሽታ ነው። የክሊኒኩ ቀጭን ሽታ አይደለም። የአልኮል በርሜል ክዳኑ ሲፈታ የሚወጣው ዓይነት ነው፤ እሱን ካሸተትኩ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎኛል።

ተከራዬ ሒክመት ትባላለች። የስልጤ ልጅ ናት፣ ጉብሬ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፣ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ይዛ ነው የምትኖረው። በሯ ክፍት ስለነበር ወንበሬን ሳብ አድርጌ፣

«ምን እየሠራሽ ነው ልጄ?» አልኳት።

«እማን የምጠርግበት ነው አባባ። ይሄ እንዳለ ቢነካት ቆዳዋን ያቃጥላታል፤ በውሃ ላቀጥነው ነው።»

«ጠንቀቅ በይ፤ ውሃ ሲገባበት ሌባ አያጣውም።» ይቺ ለራሴ ብቻ የምቀልዳት ቀልድ ናት፤ የምታስቅም አይደለችም።

«እንዴት ማለት?»

«ወጣት ሳለሁ ቡታጅራ አረቄ እንበርዝ ነበር። አራት ባልዲ አልኮል፣ አምስት ባልዲ ውሃ። ዘጠኝ ባልዲ ገብቶ ዘጠኝ ባልዲ ወጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ይጎድላል።»

ሒክመት ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «እንዴ አባባ፣ እሱማ ሌባ ወስዶት አይደለም! መጉደል አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርስ ይገባባሉ። አንድ ጣሳ ባቄላና አንድ ጣሳ ጤፍ ቢደባልቁ ሁለት ጣሳ ይሞላል? አይሞላም፤ ጤፉ ባቄላው መሃል ይሰገሰጋል። ይሄንንም እንደዚያ ይዩት።»

«ትቀልጃለሽ።»

«ወላሂ! ጀማሪ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። ባልዲው ስንት ይይዛል?»

«አሥር ሊትር።»

ስልኳን አውጥታ ነካካች። «አርባና ሃምሳ ዘጠና አይሆንም። ሰማንያ ሰባት ቢሆን ነው። ሦስት ሊትር ያህል ይጎድላል።»

«በጠርሙስ ብትይው?» ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። «ሦስት ሩብ ሊትር በሚይዘው ጠርሙስ።»

«መቶ ሃያ ይወጣል ብለው ነበር የሚጠብቁት? እንግዲያው አራት ያህል ይጎድላል። መቶ አሥራ ስድስት።»

ልነሳ ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ። ሒክመት ውሃ ልታመጣልኝ ሮጠች፤ ምስኪን፣ ፀሐዩ የመታኝ መስሏታል። መቶ አሥራ ስድስትን እኔ ከእሷ በፊት አውቀዋለሁ። በዚህ ቁጥር የተነሳ አንዲት ሴት ስሟን ተገፍፋለች፣ ከገፈፏትም አንዱ እኔ ነኝ።

ዘመኑን በትክክል አትጠይቁኝ። ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋበት፣ ጎረምሳው ፀጉሩን አጎፍሮ ሚዶውን እዚያው ሰክቶ የሚወጣበት ጊዜ ነው። የእኔ ሱሪ ቡናማ ቴትሮን ነበረች፤ ሰፊው ከታች በኩል አስፍቷት አስፍቷት ስራመድ የቡታጅራን መንገድ የምጠርግላቸው እስኪመስል ድረስ። በስሙኒ ሻይ ከነብስኩቱ ይጠጣል። አንድ ብር ከሃምሳ የያዘ ሰው ክትፎውን ከነአይቡና ከነቆጮው በልቶ፣ በተረፈችው ሳንቲም ሁለት ነጠላ ሲጋራ ገዝቶ፣ አንዷን ከጆሮው ኋላ ሰክቶ እንደ ጌታ ይንጎራደዳል። በገበያ ቀን የማረቆ በርበሬ በአህያ ሲገባ ከተማው በሙሉ ያነጥሳል፤ የመስቃን ነጋዴዎች «አሰላሙ ዓለይኩም» ተባብለው ሳይጨርሱ ማስነጠስ ይቀድማቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮኑን በሩ ላይ ያንጠለጥልና ስለ ጥቁር ዓይን፣ ስለ ቀረች ደብዳቤ የሚዘፈነውን ሁሉ ያሰማናል። ዛሬ ስልኬ ውስጥ ልጄ የጫነችልኝ ሺህ ዘፈን አለ፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።

የምሠራው ጋሽ ሀብቴ የሚባል ነጋዴ ዘንድ ነበር። ሱቁ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነው፤ ከፊት ለፊት ስኳር፣ ጨውና ሳሙና፣ ከኋላ ባለው መጋዘን ደግሞ አረቄ። መጋዘኑን የያዝነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና እትዬ ዘርፌ። ዘርፌ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። ሰናይት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ አዝላት ትመጣና ማዳበሪያ ላይ ታስተኛታለች። ጠርሙስ ማጠብ፣ ቡሽ መምታት፣ በዱቄት ሙጫ ወረቀት መለጠፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ምሳዋን ሁለት ቦታ ቆርሳ ትልቁን ወደ እኔ ትገፋለች፣ «አንተ ገና እያደግህ ነው» እያለች፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር እኮ! ስትለካ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከባልዲው ጠርዝ አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ለራሷ «እሰይ፣ አንቺ ጨራሽ» ትላለች።

ቀድሞ ጋሽ ሀብቴ የገጠር ሴቶች ያወጡትን አረቄ ገዝቶ ማጥለልና መጠርመስ ብቻ ነበር ሥራው። በኋላ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ንጹሕ አልኮል በበርሜል ማስመጣት ጀመረ፤ እሱ ደግሞ ካልተበረዘ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ በግምት በረዝነው። ከዚያ የሒሳብ መምህር የሆነው አማቹ መጣና በወረቀት ላይ አሰላለት። አርባ ሊትር አልኮል ሲደመር ሃምሳ ሊትር ውሃ፣ ዘጠና ሊትር። ዘጠናን ለሦስት ሩብ ሲያካፍሉት መቶ ሃያ ጠርሙስ። ወረቀቱ በሚስማር ግድግዳው ላይ ተመታ። ጋሽ ሀብቴ ማንበብ ብዙም አይሆንለትም፣ ለተጻፈ ነገር ግን የነበረው አክብሮት ለጉድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ሱቅ ከመዝጋቱ በፊት ሣጥኖቹን ይቆጥራል።

መቶ አሥራ ስድስት።

የመጀመሪያ ቀን ቆጠራው ተሳስቷል አለ። ሁለተኛ ጊዜ በርሜሉ ያፈሳል ብሎ አገላብጦ አየው። በሦስተኛው አፋችንን አሸተተ። በአራተኛው ዘርፌን ልጇን ያዘለችበትን አንቀልባ ፍቺ አላት። ፈታችው። ሕፃኗ ብርድ ሲነካት አለቀሰች፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እኛም ራሳችን ግራ ገብቶናል። ዓይናችንን ሳንነቅል እንበርዛለን፤ ውሃው አልኮሉ ላይ ሲወርድ በርሜሉ ለብ ይላል፣ ዘርፌ መዳፏን ጎኑ ላይ አሳርፋ «ተናደደብን» ትላለች። ከዚያ እንጠረምሳለን። መቶ አሥራ ስድስት። ቁልፍ ያለው በሁለታችን እጅ ብቻ ነው። ጋሽ ሀብቴ ለየብቻ ጠርቶ «ተጠባበቁ» አለን፤ ለእኔ እሷን፣ ለእሷ እኔን። ያን ጊዜ ነው መጋዘኑ ውስጥ ወሬ የጠፋው። ምሳዋን ግን እንደ ድሮው ለሁለት ከመቁረስ አልቦዘነችም።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። አንድ ቅዳሜ ዘርፌ የአክስቷ ለቅሶ ጥያ ድረስ ወሰዳት። ብቻዬን በረዝኩ። ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ ከመጠርመሴ በፊት የበረዝኩትን በባልዲ መልሼ ለካሁት። ስምንቱ ባልዲ ሞላ። ዘጠነኛው ሦስት ሊትር ያህል ጎደለ። ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እኔ ጠብታ አልቀመስኩም። ያኔውኑ ገባኝ። ለምን እንደሚጎድል አላወቅሁም፤ ሌባ እንደሌለ ግን አወቅሁ። ሮጬ ሄጄ «ጋሽ ሀብቴ፣ ዘርፌ በሌለችበትም ጎደለ» ማለት ነበረብኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሳስብ ግን ቀረሁ፤ እሷ ከሌለች እኔ ነኛ ሌባው! አጋንንት ይጠጣዋል ብል ማን ያምነኛል? ሦስት ሊትር ውሃ ቀድቼ ዘጠነኛውን ባልዲ ሞላሁት። ጠረመስኩ። መቶ ሃያ።

ጋሽ ሀብቴ ሁለቴ ቆጠረ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «ዘርፌ በሌለችበት ቀን ሞላ» አለ፤ ድምፁ ደግሞ የደስታ እንኳ አልነበረም፣ የሐዘን ነበር፣ ይወዳት ስለነበር። እኔ ሣጥኖቹን መደርደር ቀጠልኩ።

ሽማግሌዎች የጋሽ ሀብቴ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እንደ አገራችን ወግ ሁለታችንም እንድንምል ተጠየቅን። እኛ ዘንድ መሐላ ቀልድ አይደለም፤ ከአፍ ከወጣ በኋላ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው፣ ሰው መሬቱን ለቆ ይሄዳል እንጂ አይምልም። እኔ ግን ማልኩ። ደረቅ ጭራሮ ሰብሬ «አንዲት ጠብታ ወስጄ እንደሆነ ዘሬ እንዲህ ይሰበር» አልኩ። እንባዬ ይወርድ ነበር። መሐላዬ እውነት ነው፤ አልወሰድኩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። በሐሰት ምዬ ቢሆን ኖሮ መቅሠፍቱን እጠብቅ ነበር፣ ሲመጣም እፎይ እል ነበር። ሦስት ልጆቼ ግን ጤነኞች ናቸው፣ ወግ ማዕረግ አይቻለሁ፣ የሚቀጣኝ አጣሁ።

ዘርፌ ልጇን አቅፋ ቆመች። «አልወሰድኩም» አለች። «አልምልም።»

«ካልወሰድሽ ምን ያስፈራሻል?» አሏት ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«አባቶቼ፣ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። እውነትም ይሁን ሐሰት፣ መሐላ በእሷ ላይ አላሳርፍም። አባቴ በእውነት ነበር የማለው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ልጅ እንደቀበረ እኔ አውቃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ የማለ፣ አንዷ አልምልም ያለች፤ አንዱ ብቻውን ሲሠራ የሞላ፣ አንዷ ስትኖር የጎደለ። እኔም እነሱን ብሆን ያንኑ እፈርድ ነበር። ቁልፉን አስረክባ ሕፃኗን አዝላ በትልቁ በር ወጣች። ስታልፈኝ «አይዞህ አታልቅስ» አለችኝ። ለእሷ ያለቀስኩ መስሏት ነበር።

እኔም ብዙ አልቆየሁም። ወልቂጤ መጣሁ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ እየሸጥኩ ትዳር መሠረትኩ። ወሬዋን ግን ከቡታጅራ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ሳልጠይቀው ያመጣልኛል። «ዘርፌ አራት ጠርሙስ» ተባለች። መናኸሪያ አጠገብ ንፍሮ ትሸጣለች፣ የሚገዛት ሰው መልሱን ደጋግሞ ይቆጥራል። እድሩ ስሟን ፋቀ፤ እናቷ ሲሞቱ ድንኳን የተከለላት ጎረቤቷ የመስቃን ሙስሊም እንደሆነ ነገሩኝ። ልጇን ትምህርት ቤት «የአራት ጠርሙስ ልጅ» ይሏታል። ይህን ሁሉ እየሰማሁ ለሰውየው ሚስማሩን በኪሎ እመዝናለሁ፣ ለምርቃት እፍኝ እጨምራለሁ፣ ደኅና ዋል እላለሁ። ሌሊት ላይ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ነው የምቃጠለው።

እንግዲህ ሒክመት ያን ቁጥር ከነገረችኝ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሆንኩትን አልናገርም። ባለቤቴ ጠበል ልትወስደኝ አስባ ነበር። በማግሥቱ ሒክመትን ግማሽ ሊትር ንጹሕ አልኮል አምጪልኝ አልኳት።

«አይጠጡትም አይደል አባባ?»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኔ እንጃ፤ ትናንት ፊትዎ ልክ አልነበረም።» ሰጠችኝ። ጠርሙሷን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጋቢዬ ውስጥ ይዤ በጉብሬ በኩል መኪና እየቀያየርኩ ቡታጅራ ገባሁ። ልንገራት ነው የምሄደው፤ ሁለቱንም። መጉደሉ ጠባዩ እንደሆነም፣ ያን ቅዳሜ ውሃ የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩም። መንገዱን ሙሉ ቃሉን እያዘጋጀሁ፣ እያፈረስኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦታ እስኪቀይር ድረስ ብቻዬን እያወራሁ ነው የሄድኩት።

ቡታጅራ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። የጋሽ ሀብቴ ሱቅ የነበረበት ቦታ ስልክና ጫማ ይሸጥበታል። ባጃጅ ይዤ «ዘርፌ የሚሏቸው አሮጊት ቤት» አልኩት ሹፌሩን። «አራት ጠርሙስ?» አለኝ፤ ልጁ እንደው በቅንነት ነው።

«ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?»

«እኔ እንጃ አባባ፤ ድሮ ይጠጡ ነበር መሰለኝ።»

ዘርፌ በር ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥባለች። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፣ ያለ ምርኩዝና ያለ ሰው ድጋፍ ከደጇ አታልፍም። ጥርሷ አልቋል፣ ዓይኗ ግን ያው የምትለካበት ዓይን ነው። ገና ሳልጠጋ «ክፍሌ!» አለችኝ። ስሜን ጠርታ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሰናይት ወጣች፤ አስተማሪ ሆናለች፣ ፀጉሯ ሸበት ጣል አድርጎበታል፣ አግብታ አታውቅም። ለምን እንዳላገባች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። ጠርሙሴን አወጣሁና «እትዬ ዘርፌ፣ አረቄው ለምን ይጎድል እንደነበር አወቅሁ» አልኳት። ጎመኑን አስቀመጠች። አስረዳኋት፤ ባቄላውን፣ ጤፉን። ፊቷ አልተፈታም። «ወሬ አልፈልግም» አለች። «ሰናይት፣ መለኪያዬን አምጪልኝ። ማንቆርቆሪያውንም።»

ራሷ ለካች፣ እኔን አላስነካችም። በትንሿ የአረቄ መለኪያ አሥር አልኮል ቀዳች፣ ጠርዙ ድረስ፣ ከንፈሯ እንደ ድሮው እየተንቀሳቀሰ። አሥር ውሃ ጨመረች። ማንቆርቆሪያውን በመዳፏ ያዘች። «ተናደደ» አለች በቀስታ። ከዚያ መልሳ መቅዳት ጀመረች፤ መለኪያው ሲሞላ ሌላ ዕቃ ውስጥ ትገለብጠዋለች፣ ሰናይት ትቆጥራለች። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያኛው መለኪያ ላይ ማንቆርቆሪያው አለቀ፤ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ዘርፌ ማንቆርቆሪያውን ዘቅዝቃ አራገፈችው። በጣቷ ውስጡን ዳሰሰች። መሬቱን አየች፣ ቀሚሷን አየች፣ እጇን ገልብጣ አየች።

«ማን ወሰደው?» አለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። «ንገሪኝ ልጄ፣ እዚህ ማን አለ? ማን ወሰደው?»

ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። ያቺ የደከመች ሴት ይህን ሁሉ ድምፅ የት አስቀምጣው እንደኖረች እግዜር ይወቅ። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ለእያንዳንዱ ያቺን ያልሞላች መለኪያ ታሳያለች። ጉልበቴን ሳመች። «እግዜር ያቆይህ ክፍልዬ። ይኸው ነው ሰው ማለት። ያን ቀን ስታለቅስልኝ አይቼህ ነበር፤ አንድ ቀን ሰው ይልክልኛል ብዬ ነበር፣ አንተን ላከልኝ።» ሰናይት አንገቷን ደፍታ ቆማለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ቃሌን አዘጋጅቼ ነበር።

ድንገት ዘርፌ መለኪያዋን አስቀመጠች። የምትለካ ሴት ናትና ሒሳቡ አልገጠመላትም። «ቆይ ግን» አለችኝ። «እኔ ጥያ በሄድኩ ቀን ሞላ ብለውኛል። መቶ ሃያ። እሱስ እንዴት ሆነ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እነዚያ ዓይኖቿ እንደዚያ እያዩኝ፣ ገና የሳመችው ጉልበቴ ሳይደርቅ፣

«ጋሽ ሀብቴ ዋሽቶ ይሆናላ» አልኩ። «ሊያስወጣሽ ፈልጎ።»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ያ ሰው ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ያን ቀን ሁለቴ ቆጥሮ ያዘነ ሰው! ዘርፌ ትንሽ አሰበችና «አሃ» አለች። «ለካ እሱ ነው።» ምሳ አብልታ፣ መርቃ፣ ቆጮ አስቋጥራ ሸኘችኝ። ቆጮውን ይዤ መጣሁ። በላሁትም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰናይት ደወለች። እናቷ ጋሽ ሀብቴ ዋሽቶ እንዳስወጣት ለገበያው በሙሉ ተናግራለች። የጋሽ ሀብቴ ሚስት፣ እማማ ወርቄ፣ ከቤታቸው መውጣት አፍረዋል፤ ልጆቹ ደግሞ የአባታችን አጥንት ተሰደበ ብለው ሽማግሌ ጠይቀዋል። እሑድ ይቀመጣሉ።

«እኔ ልምጣና ልማል?» አልኳት። ይህን ማለቴን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን በጋቢዬ እሸፍናለሁ።

«አይ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳይደክሙ ብላለች። እማዬ ራሷ ልትምል ነው።» የሰናይት ድምፅ ግራ የገባው ነበር። «በእኔ። ክፍሌ የነገረኝ እውነት ካልሆነ በልጄ ይድረስ ብዬ እምላለሁ አለች። እንዳትምል ለመንኳት። በእኔ ስም የምትምል ሴት እንዳልሆነች እርስዎም ያውቃሉ። ለክፍሌ ቃል ግን እምላለሁ አለችኝ።»

በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። ሒክመት የእናቷን አንሶላ ታሰጣለች። ባለቤቴ ከውስጥ ማን ነው እያለች ትጠይቃለች። እውነቱን ይዛ ያልማለች ሴት፣ ስሟን፣ እድሯን፣ የልጇን ትዳር ለመሐላ ፍርሃት የከፈለች ሴት፣ በእኔ ውሸት ልትምል ነው።

«ሰናይት» አልኳት። «እንዳትምል። ያን ቀን ውሃ ጨምሬ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«ይሄን ለእኔ አይደለም የሚነግሩኝ» አለች በመጨረሻ። እርምጃዋ ተሰማኝ፣ ከዚያ «እማዬ፣ ለአንቺ ነው» ስትል።

«ክፍልዬ! ደኅና ሰነበትክ? ቆጮው ተስማማህ?»

ነገርኳት። ባልዲውን፣ ሦስቱን ሊትር፣ መቶ ሃያውን፣ ጭራሮውን፣ እንባዬ ለማን እንደነበረ። ጋሽ ሀብቴ እንዳልዋሸ ነገርኳት። ስጨርስ እንድትረግመኝ ጠበቅሁ፣ ለመንኋትም።

«ሰናይት» አለች፣ ከስልኩ ዘወር ብላ። «ነጠላዬን አቀብዪኝ። ምርኩዜንም።»

«ወዴት ልትሄጂ ነው? እሑድ ይደርሳል እኮ።»

«ወርቄ ዘንድ። ባሏን በከንቱ ውሸታም አድርጌባታለሁ። እሑድ ድረስ እንዴት አድርጌ አስቀምጠዋለሁ?»

ስልኩን መዝጋት ረስተውት ነበር። ምርኩዙ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ፣ ሰናይት «ቀስ በይ፣ ቀስ» ስትል ሰማሁ፣ ከዚያ በሩ ተዘጋ።